ደረቅ ማን ነው? ስለ አንድ ቃል አጠቃቀም የቀረበ አሳብ

ቃል ሚዛን ነው። እህል በኪሎ፣ መሬት በገመድ እንደሚለካ ሁሉ ሰውም ባልንጀራውን የሚለካው በቃል ነው። በገበያ ሚዛኑን የሚያጋድል ነጋዴ ቢገኝ ሁላችንም እንቆጣለን፤ መጽሐፍ ቅዱስም ሐሰተኛውን ሚዛን አጥብቆ ያወግዛል። ቃሉን አጋድሎ ሰውን የሚመዝን ግን ብዙውን ጊዜ ጠያቂ የለውም። የተመዘነው ሰው ግን በተለጠፈበት ስም ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራ ይኖራል። ስለዚህ በየዕለቱ ከአፋችን ከሚወጡት ተራ ቃላት አንዱን ወስደን፣ ምን ማለት እንደሆነና በማን ላይ ሊነገር እንደሚገባው ብንመረምር ከንቱ ድካም አይሆንም። የመረጥነው ቃል «ደረቅ» የሚለው ነው።

የቃሉ ስፋት

«ደረቅ» በመጀመሪያ ትርጉሙ ውኃ ወይም እርጥበት የሌለውን ነገር ያመለክታል፤ ደረቅ እንጨት፣ ደረቅ ወንዝ፣ ደረቅ መሬት እንላለን። ከዚህ መነሻ ግን ቃሉ ብዙ ተጉዟል። ወጥ የሌለው እንጀራ ደረቅ እንጀራ ነው። አክታ የሌለው ሳል ደረቅ ሳል ነው። በባንክ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ ቼክ ደረቅ ቼክ ይባላል። በሞጆ ከተማ ባሕር ሳይኖር በመርከብ የመጣ ዕቃ የሚራገፍበት ስፍራ ደረቅ ወደብ ተብሏል። በእነዚህ አነጋገሮች ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ አሳብ አለ፤ ይኸውም አብሮ ሊኖር ይጠበቅ የነበረው ነገር አለመኖሩ ነው። እንጀራ ወጥን፣ ቼክ ገንዘብን፣ ወደብ ባሕርን ይጠራል፤ የተጠራው ሲታጣ «ደረቅ» እንላለን።

ወደ ሰው ስንመጣ ቃሉ ይከብዳል። አሳቡን የማይለውጥ ሰው ደረቅ ይባላል። ኀፍረት የማያውቅ ዓይነ ደረቅ ይባላል። በጨዋታ መካከል የማይስቅ፣ እንግዳ ሲመጣ ፊቱ የማይፈታ፣ ለዘመዱ የማያደላ፣ በለቅሶ ቤት እንባ የማይወጣው፣ እነዚህም ሁሉ በዚሁ ቃል ሲጠሩ እንሰማለን። የሚለያዩ ሰዎች በአንድ ከረጢት ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው።

ይህ በሁሉም ቋንቋ እንዲህ አይደለም። በእንግሊዝኛ «ድራይ» የሚለው ቃል ጣፋጭነት ለሌለው ወይን ጠጅ፣ ፊትን ኮስተር አድርጎ ለሚነገር ቀልድ፣ መጠጥ ለማይሸጥበት አገር ያገለግላል፤ ግትርን ወይም ኀፍረተ ቢስን ለመጥራት ግን ባለቤቶቹ ሌላ ቃል ይፈልጋሉ። እኛ እነዚህን ጉድለቶች ከድርቀት ጋር ማያያዛችን አያስገርምም። ኑሮው በዝናም ላይ የተመሠረተ ሕዝብ በጎውን ነገር በእርጥበት ቢመስል ተገቢ ነው። ደስ የሚያሰኘንን ነገር «አንጀት አርስ» እንለዋለን። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድም እርጥብ ሣር የምርቃትና የሰላም ምልክት ነው፤ በኢሬቻ በዓል ክረምቱን በሰላም ላሳለፈ ፈጣሪ ምስጋና የሚቀርበው እርጥብ ሣርና አበባ ተይዞ ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌው ያማረ ስለሆነ በምሳሌው የምንሰጠው ፍርድ ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ጠላቱ ሲወድቅ አንጀቱ የሚርስ ሰውም አለና።

አንድ ሥር፣ አራት ስሞች

ነገሩን ለመለየት ቋንቋችን ራሱ ይረዳናል። ከዚህ ከአንዱ ሥር አራት ስሞች ወጥተዋል። «ድርቅ» የዝናም መታጣት ነው፤ ከሰማይ ይመጣል፣ አገርንም ይመታል። «ድርቀት» የሚደርስብን ሁኔታ ነው፤ የጉሮሮ ድርቀት፣ የሆድ ድርቀት እንላለን። «ደረቅነት» የአንድ ነገር ባሕርይ ነው፤ ስለ እንጨት ወይም ስለ አፈር ደረቅነት እንናገራለን። «ድርቅና» ግን እንደ ትሕትና ወይም እንደ ብልግና ሁሉ የሰውን አካሄድ የሚገልጽ ነው። መሬት ድርቅና የለውም፤ በሽተኛም ጉሮሮው ስለ ደረቀ በድርቅና አይከሰስም። ባጭሩ ድርቅ ይመታል፣ ድርቀት ይይዛል፣ ደረቅነት ይገኛል፤ ድርቅና ግን ይመረጣል።

ችግሩ ቅጽሉ አንድ መሆኑ ነው። «ደረቅ ነው» ባልን ጊዜ ከአራቱ የትኛውን ማለታችን እንደሆነ ቃሉ አይናገርም። በዚህም ምክንያት የደረሰበትን እንደ መረጠው፣ የታመመውን እንደ በደለው አድርገን እንፈርዳለን። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3 በምኩራብ ውስጥ እጁ የደረቀች ሰው ነበረ። በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ግን ጌታ በሰንበት ይፈውሰው እንደሆነ ለመክሰስ ይጠባበቁ ነበር፤ ሲጠይቃቸውም ዝም አሉ። ጌታችን በደረቀችው እጅ አልተቆጣም፤ ያሳዘነው የልባቸው ድንዛዜ ነው። በአንድ ምኩራብ ውስጥ ሁለት ድርቀት ነበረ፤ አንደኛው ፈውስን፣ ሁለተኛው ተግሣጽን የሚሻ ነበረ። ፍርዳችን ቀና የሚሆነው እነዚህን ሁለቱን መለየት ስንችል ነው።

ድርቀት በወቅቱ

ድርቀት ራሱ ሁልጊዜ ክፉ አለመሆኑን ለማወቅ ከአርሲ ደጋ የተሻለ ትምህርት ቤት አናገኝም። ከአሰላ ከተማ ከፍ ብሎ፣ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው የጭላሎ ተራራ ይታያል። በግርጌው ያለው አገር በስንዴና በገብስ የታወቀ ነው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተመሠረተው፣ ሕዝቡ «ካዱ» ብሎ የሚያስታውሰው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን ያለማመደው በዚህ ነው። የዚህ አገር ገበሬ በሰኔና በሐምሌ ዝናም ይለምናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን የሚለምነው ደረቅ ሰማይ ነው። በደረሰ ሰብል ላይ ያለ ወቅቱ ዝናም ቢወርድ ፍሬው ገና በዛላው ላይ ሳለ ይጎነቁላል፤ ነዶው ይሻግታል፤ የዓመቱ ድካም ከንቱ ይሆናል። ስንዴ በጎተራ ለረዥም ጊዜ ሳይበላሽ እንዲቀመጥ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ገደማ መብለጥ የለበትም። ያልደረቀ እህል ያስገባ ሰው ሻጋታንና ነቀዝን አብሮ አስገብቷል።

የቢራ ገብስን ጉዞ ብንከተል ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይብራራል። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ከአካባቢው ገበሬ የሚገዛው ገብስ ደርቆ ይገባል። ከዚያ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ እርጥበቱ ከ40 በመቶ በላይ ሲደርስ መጎንቆል ይጀምራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሙቅ አየር ዳግመኛ ይደርቃል፤ እርጥበቱም ወደ 5 በመቶ ገደማ ይወርዳል። እናቶቻችንም ለጠላ የሚሆነውን ብቅል በቤታቸው ሲያዘጋጁ የሚከተሉት ሥርዓት ይኸው ነው፤ ይዘፈዝፋሉ፣ ይሸፍናሉ፣ ከጎነቆለ በኋላ በፀሐይ ያሰጣሉ። መድረቅና መራስ እያንዳንዳቸው ተራ አላቸው። ተራውን ያፋለሰ ሰው ብቅል ሳይሆን የበሰበሰ ገብስ ያገኛል። ቋንጣና ድርቆሽም ቢሆኑ ለመንገደኛ ስንቅ የሆኑት በመድረቃቸው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ እንበል። ለዘር የተቀመጠ ገብስ በእጃችን ብናሸው ድንጋይ የመሰለ ነው፤ ነገር ግን አልሞተም። ሕይወቱን ጠብቆ ያቆየው መድረቁ ነው። ደረቅ ዘር የሞተ ዘር አይደለም፤ ጊዜውን የሚጠብቅ ነው። ሰውን ደረቅ ብለን ተስፋ ከመቁረጣችን በፊት ይህን ማስታወስ ይገባናል።

ጽናትና ድርቅና

ፈላስፋው አርስቶትል ስለ መፈጠርና ስለ መጥፋት በጻፈው መጽሐፉ፣ እርጥብ ማለት የራሱ ወሰን የሌለው፣ በሌላው ወሰን በቀላሉ የሚቀረጽ ነው ይላል። ደረቅ ማለት ግን በራሱ ወሰን የሚጸና፣ በሌላው ቅርጽ ግን በቀላሉ የማይያዝ ነው። ውኃ በጋን ሲሆን ጋን፣ በዋንጫ ሲሆን ዋንጫ ይመስላል፤ ድንጋይ ግን የትም ቢቀመጥ ያው ድንጋይ ነው። ይህ የተፈጥሮ ትምህርት ሳይታሰብ የሰውን ጠባይ ያሳየናል። ሰው ወሰን ያስፈልገዋል። ማንም እንደ ፈለገ የሚቀርጸው፣ ከሌባ ጋር ሌባ፣ ከጻድቅ ጋር ጻድቅ የሚመስል ሰው ለስላሳ ቢባል እንኳ የሚታመን አይደለም።

ለምሳሌ የእርዳታ እህል የሚያድል አንድ ባለ መጋዘን እናስብ። የአጎቱ ልጅ ስሙ በዝርዝሩ ሳይኖር ሁለት ጆንያ ይለምነዋል፤ እርሱም እምቢ ይላል። በማግሥቱ በመንደሩ «እንዴት ያለ ደረቅ ነው! ለሥጋው የማያዝን» ይባላል። እዚህ ላይ ቃሉ በእርግጥ አጋድሏል። ይህ ሰው ለአጎቱ ልጅ ቢያዝን ኖሮ የሚያዝነው በሌላ ሰው እህል ነበር። ድርቅና ብለን የጠራነው ታማኝነት ሆኖ ተገኝቷል።

በአንጻሩ በድንበር የተጣላ አንድ ገበሬ እናስብ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ምስክር ሰሙ፤ ምልክቱን አይተው ወሰኑ የት እንደሆነ አረጋገጡ። ሰውዬው ግን መልስ ባይኖረውም «ብሞትም አልለቅም» ይላል። በአርሲ ባህል እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉት መካከል ሲቆሙ ጠብ መቆም አለበት፤ በዚያን ጊዜም እንኳ እጁን የማይመልስ ቢገኝ ድርቅና ማለት ይህ ነው።

ሁለቱ ሰዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «አይሆንም» ብለዋል። ልዩነቱን ራሱ አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ አስቀምጦልናል። ራሱን የሚገዛ ሰው ስሜትና ምኞት ሲገፉት አይነቃነቅም፤ በቂ ምክንያት ሲቀርብለት ግን ይሰማል። ግትር ሰው ግን የሚቃወመው ምክንያትን ነው፤ ምኞቱ ሲስበው በቀላሉ ይከተለዋል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖም ጽናትን በሁለት ጉድለቶች መካከል ያኖረዋል፤ በአንድ ወገን ጥቂት ችግር ሲመጣ የሚሸሽ ልፍስፍስነት፣ በሌላው ወገን ከሚገባው በላይ በአሳቡ የሚሙጥ ድርቅና አሉ። እንግዲህ መመዘኛው ሰውዬው እምቢ ማለቱ ሳይሆን እምቢ ያለው ለምን ነገር እንደሆነ ነው። ባለ መጋዘኑ በምክንያት ጸንቷል፤ ባለ ድንበሩ ምክንያትን ገፍቷል።

ደረቁ ሰማይና ደረቁ ዓይን

ቃሉ ከፍ ያለ ጉዳት የሚያደርሰው ግን በችግረኛ ላይ ሲነገር ነው። ከአሰላ ደጋ ወደ ዴራና ወደ ዶዶታ ቁልቁል ሲወረድ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሌላ አገር ይገኛል፤ ስምጥ ሸለቆው ሞቃት ነው፣ ዝናሙ አነስተኛና የማይታመን ነው። የደጋው ጎተራ ሞልቶ ሳለ የቆላው ማሳ ባዶ የሚሆንበት ዓመት አለ። በዚያን ጊዜ ደጅ የሚጠናውን ሰው «ሥራ የማይወድ፣ ለምኖ የማያፍር፣ ዓይነ ደረቅ» የሚል አንደበት አይጠፋም። የመሬቱን ስም ለሰውዬው ሰጠነው ማለት ነው። የደረቀው ሰማዩ ሲሆን ፍርዱ በዓይኑ ላይ ወረደ።

ይህ ስሕተት በአገር ደረጃ ሲፈጸም ብዙ ሕይወት ይጠፋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ላይ የደረሰው እልቂት ለረዥም ጊዜ የዝናም እጥረት ውጤት ተብሎ ይነገር ነበር። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ግን በአገሪቱ በጠቅላላ የነበረው ምግብ ያን ያህል አላነሰም ነበር፤ የወሎ ገበሬና አርብቶ አደር ግን የሚሸጠውን ስላጣ የሚገዛበት አቅም አልነበረውም። ሕዝቡ እየተራበ ሳለ ከዚያው ከወሎ እህል ይወጣ ነበር። የጊዜው መንግሥትም ችግሩን ሸፍኖ ቆየ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን የአገራችን ክፍል ሕዝብ በረሃብ ሲረግፍ በአዲስ አበባ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ተከብሯል።

ድርቅና ረሃብ እንግዲህ አንድ አይደሉም። ድርቅ የሰማይ ነው፤ ድርቁን ወደ ረሃብ የሚለውጠው ግን ብዙውን ጊዜ የሰው ሥራ ወይም የሰው ዝምታ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ አካባቢ በተከታታይ አምስት የዝናም ወቅቶች ሳይሳኩ ሲቀሩ አርብቶ አደሩ ከብቱን በዓይኑ ፊት ቀብሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ደረቅ» የሚለው ቅጽል የሚገባው ወገን ካለ፣ አይቶ እንዳላየ ያለፈው ዓይን ነው። ዓይነ ደረቅ የሚለመነው እንጂ የሚለምነው አይደለም።

አበው «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» ብለዋል። ምሳሌው የጥፋተኛው ዕዳ ለንጹሑ መድረሱን ያስተምራል። በድርቅ ዘመን የምናየውም ይኸው ነው፤ የልበ ደረቆች ዕዳ የሚከፈለው በሕፃናት ሕይወት ነው።

ቅዱስ ቶማስ ስለ ፍቅር ሲያስተምር ከፍቅር ፍሬዎች አንዱ መቅለጥ ነው ይላል። የበረደና የረጋ ነገር በራሱ ውስጥ ተዘግቷል፤ የቀለጠ ልብ ግን የሚወደው እንዲገባበት ተከፍቷል። አርስቶትል ስለ ወሰን ካለው ጋር ስናገናኘው አሳቡ ሙሉ ይሆናል። ሰው በእውነትና በፍትሕ ረገድ የራሱ ወሰን ይኑረው፤ የባልንጀራው መከራ ሲመጣ ግን በሩ ይከፈት። መጋዘኑን ለዘመድ የዘጋው ያው ሰው፣ ከራሱ ማጀት ለዚያው ዘመዱ እንጀራ ቢቆርስ በእርሱ ውስጥ ድርቀቱም እርጥበቱም በየወቅታቸው ተገኝተዋል።

እንባ ያጣ ዓይን

አንድ ሌላ ዓይነት ድርቀት ሳናነሣ ብናልፍ ፍርዳችን ጎዶሎ ይሆናል። በለቅሶ ቤት ልጇን የቀበረች እናት እንባ ሳታፈስ ስትቀመጥ ሴቶች እርስ በርሳቸው ይንሾካሾካሉ፤ «ምን ያለች ደረቅ ናት!» ይላሉ። ጥልቅ ኀዘን ግን እንባን የሚያነጥፍበት ጊዜ አለ። መጽሐፈ ምሳሌ ያዘነ መንፈስ አጥንትን እንደሚያደርቅ ያስተምራል፤ አጥንቱ የደረቀ ሰው ከየት አምጥቶ ያለቅሳል? ምናልባት ከወራት በኋላ የልጇን ልብስ ስታጥፍ ብቻዋን ታለቅስ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ፈራጆቿ በአጠገቧ የሉም።

በጸሎት የሚጸኑ ሰዎችም ይህን ያውቁታል። ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ ጸሎትን የአትክልት ቦታ ውኃ እንደ ማጠጣት አድርጋ ስትገልጽ፣ ጉድጓድ ወርዶ ባልዲው ደጋግሞ ባዶውን የሚወጣበት ዘመን መኖሩን አልሸሸገችም። አትክልተኛው ግን ገመዱን አይጥልም። ቅድስት ማዘር ተሬዛም ከሞተች ከዐሥር ዓመት በኋላ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተሙት ደብዳቤዎቿ፣ ለአምስት ዐሥርት ዓመታት ያህል በውስጧ የደረቀ ዘመን እንዳለፈባት ያሳያሉ። በዚያው ዘመን እጆቿ የሚሞቱትን ያነሡ ነበር። ስሜት መድረቁ የፍቅር መድረቅ ቢሆን ኖሮ እነዚያ እጆች ይታጠፉ ነበር። ፍቅር በፈቃድና በሥራ የሚኖር ስለሆነ፣ ስሜት ሲርቅ እንኳ እንደ ደረቅ ዘር ሕይወቱን ይዞ ይቆያል።

ከመናገራችን በፊት

ከላይ ካየነው በመነሣት፣ ውድ አንባብያን፣ ስለ ባልንጀራችን «ደረቅ» የሚለው ቃል ወደ አፋችን ሲመጣ ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ ድርቀት የደረሰበት ነው ወይስ የመረጠው? የደረሰበት ከሆነ ከእኛ የሚጠበቀው ውኃ እንጂ ስም አይደለም። ሁለተኛ፣ የመረጠው ከሆነ የጸናው በምን ላይ ነው? በእውነትና በፍትሕ ላይ ከሆነ ስሙ ጽናት ነው፤ ልናከብረው እንጂ ልናሳፍረው አይገባም። ሦስተኛ፣ ጥፋቱ በእርግጥ ድርቅና ከሆነ፣ ቃሉን የምንናገረው ከፊቱ ነው ወይስ ከጀርባው? ፊት ለፊት በፍቅር የተነገረ ተግሣጽ የደረቀ መሬትን እንደሚያለሰልስ ዝናም ነው፤ ከጀርባ የሚነገረው ሐሜት ግን እንደ ነፋስ የቀረውን እርጥበት ጠርጎ ይወስዳል።

መጽሐፈ ምሳሌ በሰላም የተበላች ደረቅ ቁራሽ ጠብ ካለበት የድግስ ቤት እንደምትሻል ያስተምራል። ቤታችን ደረቅ እንጀራ ቢኖረው አያሳፍረንም። በዚያ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች አንዱ የሌላውን ጥማት አይቶ የሚነሣ ዓይን ካላቸው፣ ያ ቤት ደረቅ አይባልም።